ገረሴ ላይ የቆመው ፕሮግራም

በ1980 ዓ.ም. አርባ ምንጭ በነበረው መሥሪያ ቤታችን ከኮምፒዩተሩ ጋር የተግባቡት እትዬ ፀዳለ ብቻ ነበሩ። እኛ የየአካባቢውን ዝናብ የሚያሰላ አጭር ፋይል እንጽፋለን፤ የእሳቸው ዋና ፕሮግራም ፋይሎቹን በተራ እየጠራ ያሠራቸዋል።

የገረሴን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «የተመዘገበ ዝናብ ካጣህ አቁም» ብዬ አዘዝኩት። አንድ ቀን ከገረሴ መረጃ ሳይመጣ ቀረና ፕሮግራሙ በሙሉ ቀጥ አለ፤ የዶርዜም የላንቴም ሳይሰላ ቀረ። እኔ ማሽኑን ረገምኩ።

እትዬ ፀዳለ በክር ያንጠለጠሉትን መነጽር አድርገው ፋይሌን አነበቡና ሳቁ።

«ኦይታ፣ የተላከ ሰው ቢያጣ፣ አጣሁ ብሎ ወደ ላከው ይመለሳል እንጂ የሰውን ሁሉ ሥራ ያስቆማል እንዴ?»

«አቁም» የሚለውን አጥፍተው «ወደ ጠራህ ተመለስ» አሉት። ፕሮግራሙም ገረሴን አልፎ ላንቴ ደረሰ።

ውጤቱን የምናትምበት ወረቀት እንዳመጣ ወደ ንብረት ክፍል ላኩኝ። ዝግ ነው፤ ኃላፊው ቀበሌ ስብሰባ ሄዷል። እንግዲህ ምን አደርጋለሁ ብዬ በዚያው ወደ ቤቴ ሄድኩ። ለካ እሳቸው እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብለው ሲጠብቁኝ ነበር።

በማግስቱ ስገባ ቀና ብለው አዩኝ።

«ፋይልህን አርመነው ነበር፤ አንተን ረሳንህ።»