ከድልድዩ ወዲያ ያለው መንገድ

የታሰርኩበት ክፍል ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ጌጃ ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ በእስር ቤቱ ግቢ በር ስመላለስ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ፣ ውስጡን ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ከመስክ ለሁለት ቀን እረፍት መጥቼ ቁርስ ላይ ሳለሁ ሦስት ሰዎች መጡ። አልገፈተሩኝም። ጃኬቴን እንድደርብ እንኳ ጠበቁኝ።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት እግር ነው፤ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት የተዘረጋ ባዶ እግር። መስኮቷ ጣሪያው ሥር ነበረች። ከውጭ የታክሲ ረዳት «አብነት! አብነት!» እያለ ሲጣራ ይሰማል።

ሥራዬ ግሬደር መንዳት ነው። ዝናብና የጭነት መኪና ያበላሹትን የጠጠር መንገድ አስተካክላለሁ። የታሰርኩት ደግሞ መንገድ ቆርጠሃል፣ ታጣቂዎችን ረድተሃል ተብዬ ነው።

አጠገቤ የሚተኙት ሽማግሌ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እሳቸውን ያስገባቸው ስብሰባ ላይ የተናገሩት ነገር ነው። ምን አድርገህ ነው ብለው አልጠየቁኝም። ጃኬቴን አጣጥፌ ወለሉ ላይ እንዳነጥፍ አሳዩኝና አንድ ምክር ሰጡኝ፦ «ቃልህን ሳታነብ እንዳትፈርም። ስታነብም ጮክ በል፤ ያኔ አንዲት ቃል አታመልጥህም።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፎቶ አስቀመጠ፤ የመንገዱ ዳር ተሰንጥቆ አፈሩ ወደ ማሳው ተከምሯል። አንተ ነህ የቆፈርከው አለኝ። አዎ አልኩት። ለማን ብለህ አለኝ። ለውሃው አልኩት።

የቀለድኩበት መስሎት ፊቱ ተለወጠ። እጄን ጠረጴዛው ላይ ደፍቼ ጣቶቼን ዘርግቼ ጀርባውን አሳየሁት። የጠጠር መንገድ መሃሉ ከፍ፣ ዳርና ዳሩ ዝቅ ማለት አለበት። ውሃው ወደ ዳር ይወርዳል፣ እዚያ ደግሞ መውጫ ይፈልጋል፤ በጣቶቼ መካከል ያለው ክፍተት ማለት ነው። መውጫ ካላገኘ ተመልሶ መንገዱን ይበላዋል። ሲሰማኝ ቆየና ወረቀት ገፋልኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩ። «መንገዱን ቆፍሬ ቆርጫለሁ» ይላል።

ይህን አልፈርምም አልኩት። ከፈረምክ ነገ ቤትህ ትገባለህ፣ ካልፈረምክ እኔ የማውቀው ነገር የለም አለኝ። ቤቴ ከመስኮቱ ባሻገር ነው። እውነቱን ለመናገር እጄ ወደ እስክሪብቶው ሄዶ ነበር። መልሼ ሰበሰብኩት።

«ዝናብ ሲጥል ወደ መንገዱ ሰው ይላኩ» አልኩት። «ቦይ ያወጣሁበት ሁሉ መኪና ያሳልፋል። ከድልድዩ ወዲያ ያለውን ሳልጨርስ ነው የመጣሁት፤ እሱን ውሃው ቆርጦት ያገኙታል።»

ወደ ክፍሌ መለሱኝ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ዝናብ ማዳመጥ ሆነ። እዚህ ልደታ ላይ በየቀኑ ከሰዓት ይጥላል፣ ቆርቆሮው ይንጫጫል፣ ወለሉ ይረጥባል፣ ሰው ይማረራል፤ እኔ ደስ ይለኛል። ሽማግሌው እዚህ ዘነበ ማለት እዚያ ዘነበ ማለት እንዳልሆነ አስታወሱኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። ግን ያንን መንገድ ስድስት ክረምት ሠርቼበታለሁ፤ የት ላይ እንደሚሸነፍ አውቅ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን መርማሪው እንደገና አስጠራኝ። የተላከው መኪና እስከ ድልድዩ ያለ ችግር ደርሷል። ከድልድዩ ወዲያ ብዙም ሳይሄድ ሰምጦ በገበሬ በሬ ነው የተጎተተው። ይህን ሲነግረኝ ቀና ብሎ አላየኝም። አዲስ ወረቀት ሰጠኝ፤ አነበብኩት። አሁን «የመንገዱን ዳር ቆፍሬአለሁ» ይላል።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አልኩት።

«ምን?»

«ለምን እንደቆፈርኩ።»

እስክሪብቶውን አቀበለኝ። «የውሃ ማስወጫ ቦይ ለማውጣት» ብዬ በራሴ እጅ ጨመርኩበት። ሳልቸኩል፣ ፊደሎቹን እያስተካከልኩ ጻፍኩ።

«እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለኝ። እስከዚያች ቀን አንተ ነበር የሚለኝ። ፈረምኩ። አመሰግናለሁ አላልኩም።

ከአምስት ቀን በኋላ ያለ ክስ ለቀቁኝ። ጃኬቴን ለሽማግሌው ትቼላቸው ወጣሁ። እሳቸው ከእኔ በኋላ ሁለት ወር ቆይተው እንደተፈቱ ሰምቻለሁ። ሥራ ስመለስ መጀመሪያ የያዝኩት ከድልድዩ ወዲያ ያለውን ነው፤ በአራት ቀን ጨረስኩት።

ባለቤቴ «ያኔ ብትፈርም ኖሮ ምን ነበረበት?» ትለኛለች፣ እስከ ዛሬ። አልከራከራትም። በዚያ ዝናብ ምሳ ዕቃ ይዛ የተመላለሰችው እሷ ናት፤ በር ላይ ቆማ የበሰበሰችውም እሷ ናት። ያ ወረቀት አሁን የት እንዳለ አላውቅም። ምናልባት አንድ መሳቢያ ውስጥ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፣ ምናልባትም ተጥሏል። አንድ ቀን አንድ ሰው አውጥቶ ቢያነበው ግን ከፊርማዬ በላይ በእጄ ተጽፎ የሚያገኘው የሠራሁትን ሥራ ነው።