የጠገራዋ የተበላ ጠርዝ

አዳዳ ጠገራ ብሯን ልትሸጥ መሆኑን የነገረችኝ ሱቄ ውስጥ ቆማ ጨርቅ እየዳበሰች ነው። እኔ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ መጋረጃ እሸጣለሁ። እሷ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ አዳዳ የምንላት በኦሮምኛ የአባት እህት እንዲያ ስለምትባል ነው። ለቡ ያለው እርሻቸው ኮንዶሚኒየም ከተሠራበት በኋላም ላሞቿን አልተወችም።

«ለወንድሜ የመቃብር ድንጋይ ላቆምለት ነው» አለች። «ሙት ዓመቱ ሳይደርስ። ሳር ውጦት ሲቀር ማየት አልችልም።»

እኔ ቶሎ የምናደድ ሰው ነኝ። የአባቴን ድንጋይ ነገ ዛሬ እያልኩ እኔው ሳስብበት ስለከረምኩ ነገሩ ከነከነኝ። ግን ዋጋውን ሳታውቂ አትሸጪም፣ ቆይ ስልኬ ላይ ልይልሽ አልኳት። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ብላ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው። ስልኬ አንዱ ቦታ በክብደቷ፣ ሌላው ቦታ በዕድሜዋ ይተምናል፤ ሦስተኛው ጭራሽ የተበሳች ከሆነች አትፈለግም ይላል። ግራ ሲገባኝ ነፋስ ስልክ ወደማውቃቸው አንድ ሽማግሌ ብር ሠሪ አዳዳን ይዤ ሄድኩ።

አዳዳ ጠገራዋ የተንጠለጠለችበትን ጥቁር ክር ከአንገቷ አወለቀች። በሕይወቴ ያለዚያ ክር አይቻት አላውቅም፤ አንገቷ ባዶውን ሲቀር አሳዘነኝ። ሰውየው ጠገራዋን ሚዛን ላይ አስቀመጡ፣ አነሡ፣ ደግመው አስቀመጡ።

«እማማ፣ ይቺ ጎድላለች» አሉ። «ክር የሚገባበትን ቀዳዳ ብንተወው እንኳን። ይኸው ጠርዟ በአንድ በኩል ተበልቷል። ድሮ እየሞረዱ ብናኙን የሚያስቀሩ ሰዎች ነበሩ።»

ደሜ ፈላ። «የእኛን ሰው ሌባ እያሉ ነው?» ብዬ ተነሣሁ።

አዳዳ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። «ተያቸው። ጎድላለች» አለች። ከዚያ ታሪኩን የነገረችው ለእሳቸው እንጂ ለእኔ አልነበረም።

የአዳዳና የአባቴ እናት አባቴን ወልዳ በዚያው አረፈች። ጠገራዋ ከእናትየው አንገት ወደ አዳዳ አንገት ዞረች፤ አዳዳ ያኔ ገና የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ልጅ ናት። ሕፃኑን ያዘለችው እሷ ናት። ቀን ቀን የላም ወተት ያጠጡታል። «ማታ ጡት ይፈልጋል» አለች። «እኔ ምን ጡት አለኝ? ይቺን አፉ ውስጥ እጨምርለታለሁ። ይጠባታል፣ ዝም ይላል። ጥርስ ሲያወጣም በሷ ላይ ነው ያወጣው። ከዚያ ያኝካት ጀመር። እግር አውጥቶ ሲሮጥ እንኳን እንቅልፉ ሲመጣ አንገቴን ፈልጎ ይመጣል።»

አባቴን የማውቀው በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የሚገባ፣ ሲያስነጥስ ቤቱን የሚያስደነግጥ የከባድ መኪና ሹፌር ሆኖ ነው። አዳዳ ቤት በሄድን ቁጥር ከጎኗ ይቀመጥና ጠገራዋን በጣቱ እያገላበጠ ያወራ ነበር። የልማድ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን ያቺን ሚዛን ላይ የተቀመጠች ብር እንደገና አየኋት። ብር እኮ ናት። የሕፃን ድድ እንዴት አድርጎ ብር ይበላል? ስንት ሌሊት ቢያለቅስ ነው?

ብር ሠሪው ማጉሊያ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ጠርዟን ብዙ አዩ። «የሞረድ ጭረት የለባትም» አሉ በመጨረሻ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በሚዛኑ የሚወጣላትን ዋጋ ነገሩን። ለድንጋዩ ሊበቃ ትንሽ ነው የሚጎድለው።

«ይሁን፣ ይውሰዷት» አለች አዳዳ።

«አትሸጥም» አልኩና ከሚዛኑ ላይ አነሣኋት።

«ያንቺ ናት እንዴ?»

«ድንጋዩን እኔ አሠራለሁ።»

«ሙት ዓመቱ ሳይደርስ?»

«ሳይደርስ።»

ፊቴን ስትመረምር ቆየች፤ ነገ ዛሬ ማለቴን ታውቃለች። በኋላ፣ በዚያው ሳምንት፣ ለድንጋይ ጠራቢው ቀብድ ሰጠሁት። እዚያ ብር ሠሪው ሱቅ ውስጥ ግን ማረጋገጫ የሚሆን ምንም አልነበረኝም። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች።

የለቡ ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጥን። ጠገራዋ አሁንም መዳፌ ውስጥ ነበረች፤ ሞቃለች። አዳዳ በመስኮት ወደ ውጭ የምታይ መስሎኝ ቀስ ብዬ ጠገራዋን ወደ ከንፈሬ አስጠጋኋት። ሰው እንዳያየኝ አፍሬም ነበር።

«በዚያ በኩል አይደለም» አለች አዳዳ። ከእጄ ወስዳ በአውራ ጣቷ የተበላውን ጠርዝ ፈለገችና ራሷ አፌ ላይ አደረገችልኝ።