የፎስዋ ዘነዘና

አጃፖንግ ጋና፣ ኩማሲ ከተማ ውስጥ አሮጌ ፔጆ ሲፈታና ሲገጥም ፀጉሩ የሸበተ መካኒክ ነው። ሌላው መሣሪያ ሲቸግረው ይገዛል፤ እሱ ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ መሣሪያ ያደርጋል። የጎረቤት አልጋ እግር እንኳ ከእጁ አላመለጠም።

በዚያ ሳምንት ግን ጭንቅ ገባው። የልብ ጓደኛው፣ ሾፌሩ አንትዊ፣ ሞቶ ቅዳሜ ይቀበራል። አንትዊ ማለት የተቀቀለ ካሳቫ ለፉፉ ሲወቀጥ የዘነዘናውን ድምፅ ከሰማ ሳይጠሩት ማዕድ ላይ የሚገኝ ሰው ነበር። በሕይወት ሳለ «በሰው መኪና እንዳትቀብረኝ» ብሎ አጃፖንግን አስምሎታል። የራሱ ባለ ረጅም ጀርባ ፔጆ ደግሞ አጃፖንግ ግቢ ቆማ ዝጋለች። ፒስተን ከሚመላለስባቸው የብረት ቱቦዎች የአንዱ ማሸጊያ ጎማ በስብሶ ውሃው ዘይት ውስጥ ይገባል። ጎማው እንዲለወጥ ቱቦው መውጣት አለበት፤ እሱ ደግሞ በዝገት ተጣብቋል። ቢሰነጠቅ ምትክ የለውም፤ አንትዊም በሰው መኪና መሄዱ ነው። የሙያ ጓደኞቹ በመዶሻ ምታው አሉት። አጃፖንግ መዶሻ የጨረሰውን ስንቱን አይቷል።

የሚፈልገው የቱቦውን የታች ከንፈር ሳይጭር የሚይዝ ጠንካራ እንጨት ነበር። ሐሙስ አመሻሽ ላይ ሚስቱ ፎስዋ ካሳቫዋን ጥዳ ወጣ ስትል ዘነዘናዋን አየው። ሳያስፈቅድ ጫፉን ቆረጠ፣ በልኩ ሞረደ፣ መሃሉን በስቶ ረጅም ቡሎን አሳለፈበት። እንጨቱን ከቱቦው ሥር አስገባ፣ ከላይ ወፍራም ብረት አጋድሞ ዳዶውን ማጥበቅ ጀመረ።

ቁልፉ ከበደው። ድንገት ብረቱ «ቋ» አለ። አለቀልኝ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ቱቦው ደህና፣ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሏል። እፎይ ብሎ መሬት ላይ ተዘረረ፤ እንባው መጣ።

በዚህ መሃል ጎረቤታቸው ማሜ ዱፊ እየሮጠች ገባች። በሰዓቱ የዘነዘና ድምፅ ስላልሰማች ክፉ ነገር መስሏት ነው።

«ማን ታመመ? ቤታችሁ ጭር አለብኝ።»

ፎስዋ ተመልሳ ጫፉ የተቆረጠ ዘነዘናዋን ይዛ ቆማለች። ልትሰድበው አፏን ከፍታ የባሏን እንባ ስታይ ተወችው።

«ማንም አልታመመም» አለች። «አንትዊ ነው፤ እንደ ልማዱ ራታችንን በልቶብን ነው።»

አርብ አጃፖንግ ጎማውን ለውጦ ሞተሩን ገጠመ። ቅዳሜ ጓደኛውን በዚያችው በአንትዊ ፔጆ ጭኖ ቀስ እያለ ነዳ። በደጃቸው ሲያልፉ ፎስዋ በአዲስ ዘነዘና ለለቀስተኛው ፉፉ ትወቅጥ ነበር። አንትዊ ያንን ድምፅ አልፎ የሄደው ያን ቀን ብቻ ነው።