ሰባተኛው አንቀጽ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰሚት ካለው ኮንዶሚኒየማችን በረንዳ ላይ ልብስ ሳሰጣ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነበር። እንዲህ ያለ ቁጥር አላነሳም፤ ያን ቀን ግን ለጥብቅና ድርጅቶች ሲቪዬን መበተን ከጀመርኩ ሁለት ወር አልፎኝ ስለነበር እርጥብ እጄን በቀሚሴ ጠርጌ አነሳሁት።

«ለሠልጣኝነት አመልክተሽ ነበር አይደል? ነገ ስምንት ሰዓት ለቃለ መጠይቅ ነይ» አለችኝ አንዲት ሴት።

«እሺ» አልኳት። ቢሮው የት እንደሆነ መጠየቅ እንደነበረብኝ ትዝ ያለኝ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ደግነቱ አድራሻውን በቴክስት ላከችልኝ።

እንዲህ ነኝ። አምስት ዓመት ሕግ ስማር እጄን አውጥቼ የተናገርኩባቸው ቀናት ከአንድ እጅ ጣቶች አይበልጡም። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለሚከብደኝ ሌላ ሰው እስኪል እጠብቃለሁ፤ ማንም ካላለ አልፌ እወርድና በእግሬ እመለሳለሁ። የመውጫ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያለፍኩት ወረቀት ስለማያፈጥብኝ ይመስለኛል። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ሰው አለ። ከዚያ በፊት ሁለት ቢሮ ገብቼ ከሁለቱም «ድምፅሽ አይሰማም» ተብዬ ወጥቻለሁ። ይሄኛውም ካልሆነ እናቴ ሱቅ ቁልፍ እየተከልኩ ዓመቱ እንደሚያልፍ አውቀዋለሁ።

እናቴ ቦሌ ሚካኤል ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አላት። ረቡዕ ጠዋት የእህቴን ጥቁር ኮት በልኬ አጠበበችልኝ፤ አልብሳኝም ትከሻዬን በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ቢስሚላህ ብለሽ ግቢ። ስትናገሪ ደግሞ አፍሽን ክፈቺ፤ እኔ የሰፋሁት ኮቱን ነው፣ አፍሽን አይደለም።»

ቢሮው ቦሌ፣ አንድ ባለ መስታወት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጠበቂያው ጋ ከረባት ያሰረ ሌላ አመልካች ቀድሞኝ ተቀምጧል።

«ባለፈው ሳምንት ሌላ ቢሮ ‹ድክመትህ ምንድን ነው?› ሲሉኝ ‹ሥራ አበዛለሁ› አልኳቸው» አለኝ ገና ከመቀመጤ።

«ምን አሉህ?»

«‹ታዲያ እስካሁን ለምን ሥራ የለህም?› አሉኝ። ዛሬ ‹አረፍዳለሁ› ልላቸው ነው።»

ሳቅኩ። እሱ ገብቶ ወጣና «አይዞሽ፣ ውል ነው የሚያስነብቡት» ብሎኝ ሄደ።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ የድርጅቱ ባለቤትና ማስታወሻ የምትይዝ ወጣት ጠበቃ። ባለቤቱ ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ። ሁለት ጊዜ «እስኪ ድገሚልኝ» አሉ፣ ጆሯቸውን ወደ እኔ እያዘነበሉ። ከዚያ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ የሆነ የቤት ኪራይ ውል ሰጡኝ።

«ይሄን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ለብዙ ደንበኞቻችን የምንጠቀምበት ነው። አንብቢና ምን እንደሚል ባጭሩ ንገሪኝ።»

ማንበብ ሲሆን ልቤ ይረጋጋል። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ተከራዩ ቤቱን መልቀቅ ሲፈልግ አማርኛው ሦስት ወር ቀድሞ ያስታውቅ ይላል፤ እንግሊዝኛው ሠላሳ ቀን። ደግሜ አነበብኩት። የመጨረሻው አንቀጽ ደግሞ ሁለቱ ቋንቋዎች ከተለያዩ አማርኛው ይጸናል ይላል። ስለዚህ አማርኛ የማያነብ ተከራይ በሠላሳ ቀን እለቃለሁ ብሎ ይፈርማል፤ የሚጸናበት ግን ሦስት ወሩ ነው።

ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ ነገርኳቸው። ሰባተኛው ጋ ስደርስ «ተከራዩ ሲለቅ አስቀድሞ ያስታውቃል» ብዬ አለፍኩት። ጊዜውን አልጠራሁም።

«ግልጽ ያልሆነልሽ ነገር አለ?»

ሽበታቸውን አየሁት። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። «እኔ ነኝ ያዘጋጀሁት» ብለውኛል። አጠገባቸው ደግሞ የምትጽፍ ሰው አለች።

«የለም» አልኩ።

«ጥሩ። አንብበሽ ይገባሻል። እንደውልልሻለን።»

እንዲህ ያለ ጥሩ ቃል ከማንም ቀጣሪ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደረጃውን ስወርድ ግን ኮቱ ጠበበኝ።

እናቴ ሱቅ ስደርስ አንዲት ደንበኛ ለሠርግ ያሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ መስታወት ፊት ትዞራለች። በጣም ወደደችው። አመሰገነች፤ ነገ እወስደዋለሁ ብላ ሄደች። እናቴ ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና የቀኝ እጅጌውን በምላጭ መተርተር ጀመረች።

«እማዬ! ወዳዋለች እኮ።»

«ከግራው ጋር እኩል አይደለም።»

«እሷ አላየችውም።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ቃለ መጠይቁስ?»

«ጥሩ ነው።»

ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። አጠገቧ ተቀምጬ የተተረተሩትን ክሮች ለቀምኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ያው ቢሮ በር ላይ ነበርኩ።

«ዛሬ ቀጠሮ የለሽም» አለችኝ ጸሐፊዋ። «ውጤት ከሆነ እንደውላለን።»

«ውጤት አይደለም» አልኳትና ቆምኩ።

ሊፍቱ ተከፍቶ ባለቤቱ ቦርሳቸውን ይዘው ወጡ።

«የትናንቷ! ምን ረሳሽ?»

«ሰባተኛውን አንቀጽ።»

«ምን?»

አልተሰማሁም። እንደገና ጀመርኩ። «ሰባተኛውን አንቀጽ። አማርኛው ሦስት ወር ይላል፣ እንግሊዝኛው ሠላሳ ቀን። ትናንት አይቼው ዝም አልኩ።»

ውሉን አስመጥተው ቆመው አነበቡት። ረጅም ጊዜ ወሰደባቸው።

«ከድሮ ውል ላይ ስንገለብጥ ቀርቶ ነው» አሉ፣ ለራሳቸው ይመስል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

«በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው ማረም ከበደኝ።»

«ዛሬስ ወጣት ሆንኩልሽ?»

ጸሐፊዋ ወደ ኮምፒውተሯ አጎነበሰች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«የቅጥሩን ነገር ገና አልወሰንንም። ሌሎችም አመልካቾች አሉ፤ ይሄን እወቂ» አሉኝ። «ይሄን እናስተካክላለን። አመሰግናለሁ።» ወደ ክፍላቸው መራመድ ጀመሩ።

የመጣሁበትን ተናግሬያለሁ፤ መሄድ እችል ነበር።

«የፈረሙትስ?» አልኩ።

ድምፄን ኮሪደሩ ውስጥ ሰማሁት። እሳቸውም ሰምተውት ቆሙ።

«እስካሁን የፈረሙት ተከራዮችስ? ሠላሳ ቀን የመሰላቸው?»

መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ፋይሉ ብዙ ነው» አሉ በመጨረሻ።

«አነብባለሁ።»

በመደርደሪያው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ጠረጴዛ በእጃቸው አሳዩኝና ገቡ። ወጣቷ ጠበቃ ፋይሎቹን በሁለት እጇ ተሸክማ አምጥታ ፊቴ ከመረቻቸው። ኮቴን አውልቄ ወንበሩ ላይ ሰቀልኩ። የመጀመሪያውን ስቤ ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ከፈትኩት። ሦስት ወር፤ ሠላሳ ቀን። የተከራዩን ስምና ስልክ ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ ፋይሉን በቀኜ አስቀመጥኩና ሁለተኛውን አነሳሁ።