እናቴ ገብስ ስትፈጭ

ላሊበላ፣ የልጅ ልጄ በር ላይ አንድ አሮጌ የወፍጮ መጅ አለ። ነፋስ በሩን እንዳይዘጋባት ታስደግፍበታለች። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም፤ አንዴ ፍላቂት ልጄ ዘንድ፣ ሲሰለቸኝ ብልባላ፣ ሲበርደኝ እዚህ ነኝ። እዚህ በመጣሁ ቁጥር ግን እጄ ሳላዝዘው ያንን መጅ ይዳስሳል። ቀዝቃዛ ነው፤ የስንት ሴት መዳፍ አልስልሶታል።

የልጅ ልጄ አስጎብኚ ናት። ባለፈው አንዲት ፈረንጅ ይዛ ከአሸተን ማርያም ስትወርድ ከታች ከመንደር ለቅሶ ተሰማ። ፈረንጇ ቆማ አዳመጠችና በእኛ አገር ለዚህ ድምፅ «ኪኒንግ» እንላለን አለቻት። ቤት ስትመጣ አጠገቤ ተቀምጣ ነገረችኝ።

«ቃሉ አየርላንድ ከሚባል አገር ነው አሉ የመጣው፣ እምዬ። በነሱ ቋንቋ ማልቀስ ማለት ነው። እንደኛው አልቃሽ ሴቶች ነበሯቸው፤ ሬሳው አጠገብ ቆመው እያዜሙ ያስለቅሱ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ቄሶቹ ተቆጡና ቀረ። ቃሉ ነው የተረፈው።»

ሴቶቹ ሄደው ቃሉ ብቻውን መቅረቱ አሳዘነኝ። እኔ ዘንድ ደግሞ ዜማው ነው ብቻውን የቀረው።

እናቴ የሞተች ጊዜ ገና እንስራ የማልችል ልጅ ነበርሁ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ቤቱ እርጥብ ጭድና ጭስ ይሸታል። ሰው ሁሉ ያለቅሳል፣ የእኔ እንባ ግን አልወርድ አለ። አንዲት ምላሷ የማያርፍ ጎረቤት ነበረችን፤ «ይቺ ልጅ የሰው ለቅሶ የመጣች መሰላት እንዴ» ስትል ሰማኋት።

እኔ ግን ሌላ ነገር ይዤ ነበር። እናቴ ስትፈጭ የምታንጎራጉረው ዜማ ነበራት፤ ቃል የለውም። መጁ ወደ ፊት ሲሄድ ከፍ ይላል፣ ሲመለስ ስብር ይላል። ጎህ ሳይቀድ የምነቃው በእሱ ነበር። ካለቀስሁ አብሮ የሚፈስስብኝ መስሎኝ ጥርሴን ነክሼ ያዝሁት።

ከዚያ አልቃሿ ከብልባላ በእግራቸው መጡ። ረዘም ያሉ፣ የፊት ጥርሳቸው የወለቀ ሴት ናቸው። «እስቲ ጠላ ቅዱልኝ፤ ይኼ ዳገታችሁ ከሟቿ ጋር ሊደርበኝ ነበር» አሉ።

አልቃሽ እንዲሁ ብድግ ብላ አታለቅስም። አስቀድማ ሟቹ ምን ይወድ፣ ምን ይሠራ እንደነበር ቤተ ሰቡን ትጠይቃለች፤ ሙሾው የሚወጣው ከዚያ ነው። አባቴን ጠየቁት።

«ደግ ነበረች» አለ።

«ሲሞትማ ማን ክፉ አለ? ሌላ ንገረኝ።»

አባቴ አቀረቀረ። ያን ጊዜ ፈራሁ፤ እናቴ እንደማንም ሰው ተለቅሶላት ልትቀር ነው። ቀሚሳቸውን ሳብ አድርጌ በጆሯቸው አንጎራጎርሁላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ድገሚልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ደገምሁላቸው።

ለቅሶው ሜዳ መካከል ቆመው ያንኑ ዜማ አወጡት። መጁ በሚሄድበት ከፍ፣ በሚመለስበት ስብር። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሉ። ያቺ ጎረቤታችን እንኳ ጭቃው ላይ ወደቀች። አባቴ «እሷ ናት» አለ። እኔም አለቀስሁ፤ ይዞ የሚያቆመኝ እስኪጠፋ።

ዜማው ግን ወደ ቤታችን አልተመለሰም። አልቃሿ ስለወደዱት በየሄዱበት ለቅሶ አወጡት፤ ከእሳቸውም ሌሎች ተማሩት። በማላውቀው መንደር፣ ለማላውቀው ሬሳ፣ እናቴ ስትፈጭ እሰማለሁ። ተድሬ የራሴን ገብስ ስፈጭ ረስቼ ባንጎራጉረው አማቴ መጁን ከእጄ ነጠቀችኝ። «በቤቴ ሙሾ? ማንን ልትገድዪብኝ ነው?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ ፈጨሁ። ኋላ የሞተር ወፍጮ መጣ። አልቃሿም ሞቱ፤ በመንደራቸው ሙሾ ይቅር ተብሎ ስለነበር ያዜመላቸው የለም።

የልጅ ልጄ ያን ዕለት ስለ ፈረንጆቹ ነግራኝ ስታበቃ፣ «እስቲ እርስዎ የሚያውቁትን ያሰሙኝ» አለችኝ። እጄን መጁ ላይ አድርጌ ጀመርሁ። ብዙም ሳልሄድ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ይተዉት፣ እምዬ። ይኼ የሬሳ ነው፤ ያስፈራል።»

ተውሁት። ገብስ ነው ልላት ነበር። ገና ሳይነጋ፣ ዱቄቱ ከድንጋዩ ሥር ሞቅ ብሎ ሲሸት፣ እኔ ቁርበቴ ላይ ተኝቼ፣ የሞተ ሰው ሳይኖር። ልላት ነበር፤ አላልኋትም።