የሚስ ሂልዳ መርዶ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን የምትኖር ጓደኛዬን ልጠይቅ ስገባ፣ ጥቁር ነጠላዋን ጠቅልላ ከሶፋው ትራስ ሥር ስትሸጉጥ ደረስኩባት። አባቷ አገር ቤት አርፈዋል፤ ልጇ ግን ፎቅ ላይ ለፈተና እያጠናች ስለሆነ፣ የአያቷን ሞት እንዳትሰማ ለቅሶው ሁሉ በሹክሹክታ ነበር። «ኤግዛሟን ትጨርስና እንነግራታለን» አለችኝ አፏን በእጇ ከልላ። የቀረበልኝን ውኃ ሳልቀምስ ተነስቼ ወጣሁ። ሐዘንተኛን መቆጣት ነውር መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ግን ይህ «ለእሷ ብለን ነው» የሚሉት ነገር አንጀቴን ያሳርረዋል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም።

በዘጠናዎቹ አጋማሽ እናቴና እኔ ፊንስበሪ ፓርክ፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት የማይሠራበት ቀን በሚበዛ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሚያከራየው የካውንስል ፎቅ ላይ ስንኖር፣ የግድግዳ ጎረቤታችን ሚስ ሂልዳ የሚባሉ እንግሊዛዊት አሮጊት ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ማተሚያ ቤት የሌላ ሰው ጽሑፍ ሲያርሙ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባልም ልጅም የሌላቸው፣ ቤታቸው የላቬንደር ሳሙናና የአሮጌ መጽሐፍ ሽታ ያለው፣ ብስኩት ሲያቀርቡ ደህናውን ለእኔ ሰጥተው ስብርባሪውን ራሳቸው የሚበሉ ሴት። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ከሥራ እስክትገባ እሳቸው ዘንድ እቆያለሁ፤ እንግሊዝኛንም ያስተማሩኝ እኛ የሰው ዘር እንደምንቆጥረው፣ የእያንዳንዱን ቃል አባትና ቅድመ አያት እየቆጠሩ ነበር። «ዊንዶው» ጥንት የነፋስ ዓይን ማለት ነበር ይሉኛል፤ «ሌዲ» ሊጥ አቡኪ፣ «ሎርድ» ደግሞ የዳቦ ጠባቂ፤ ያ ሁሉ ኩራት የተነሳው ከቡሃቃ ነው እያሉ እስኪያስላቸው ይስቃሉ። ዛሬ ጅል የምንልበት «ሲሊ» በጥንት ዘመን ቡሩክ ማለት እንደነበር በነገሩኝ ማግስት፣ ክፍል ውስጥ በዚሁ ቃል የሰደበኝን ልጅ አመስግኜ ግራ አጋባሁት።

በምላሹ እሳቸውም የአማርኛውን ዘር ይጠይቁኛል። መስኮት የሚለው ቃል ከየት መጣ ብዬ እናቴን ብጠይቃት፣ «መስኮት መስኮት ነው፤ ይልቅ ሂጂና ዝጊው፣ ብርድ ገባ» አለችኝ። ሐሜት የምንልበት «ጎሲፕ» ድሮ አበልጅ ማለት እንደነበር ስነግራት ግን የክርስትና እናቴ ወሬ ትዝ ብሏት ነው መሰል፣ «ታዲያ ምኑ ተለወጠ?» ብላ ከልቧ ሳቀች።

ጂሲኤስኢ የሚሉት የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዬ ሊጀመር በተቃረበበት ሰሞን ሚስ ሂልዳ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። አምቡላንስ የጠራችው እናቴ ናት፤ ይህን አልክድባትም፤ ሆስፒታልም በየቀኑ ሾርባ በፔርሙዝ ይዛ የተመላለሰችው እሷው ናት። ለእኔ ግን እህታቸው ዘንድ፣ ባሕሩ አጠገብ ሊያርፉ ሄደዋል አለችኝ። ምክሩን የሰጡት ጋሽ በየነ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ቃል በእኛ ሰፈር ሐበሻ ዘንድ ሠርግም ሆነ ለቅሶ አይሆንም። «ልጅቱ ሪቫይዝ እያደረገች ነው፤ አሁን ልቧ ከተሰበረ ኤግዛሙ ቀረ በይው። ለሁሉም ጊዜ አለው» አሉ። አገር ቤት፣ ደርሰህ ልትቀብረው ለማትችለው ሰው የተበጀውን ወግ፣ ሁለት አውቶቡስ ርቀት ላይ ተኝተው ገና ለሚተነፍሱ ሴት አዋሉት! ብሄድ እጃቸውን እይዝ ነበር። እኔ ግን በተዘጋው በራቸው በኩል ባለፍኩ ቁጥር፣ ባሕር ዳርቻ ተቀምጠው አይስክሬም ሲበሉ እየታየኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቤቱ ተከፍቶ ሠራተኞች ዕቃ ሲያወጡ ባይ እንኳን፣ እናቴ ካውንስሉ ሊያድስላቸው ነው አለችኝ፤ አመንኳት።

የመጨረሻውን ፈተና በጨረስኩ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ጋሽ በየነና የእናቴ ጓደኞች ጥቁር ለብሰው ሳሎናችንን ሞሉት። ግራና ቀኝ ያዙኝና መርዶው በወጉ ተነገረኝ። ሚስ ሂልዳ ከተቀበሩ ሳምንታት አልፈው ነበር፤ መጻሕፍታቸውም ከቆሻሻ ጋር ተጭነው ሄደዋል። በሕይወት ሳሉ «ያቺ ብቻዋን የምታወራ ፈረንጅ» ይሏቸው የነበሩት ሴቶች ደረታቸውን እየደቁ አለቀሱላቸው። ጋሽ በየነ ነጠላቸውን አጣፍተው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሉኝ፣ ሽማግሌ ባይሆኑ ኖሮ ምን እንደምላቸው አውቅ ነበር።

እናቴ አቅፋኝ፣ ልታጽናናኝ ብላ፣ «እስከ መጨረሻው አንቺኑ ሲጠሩ ነበር የኔ ልጅ፤ በገባሁ ቁጥር ዓይናቸው እኔን አልፎ በሩን ነው የሚያየው» አለችኝ። በእኛ ወግ ይህ ማጽናኛ ነው። እንባዬ ቀጥ አለ። ታዲያ ምን አልሻቸው ብዬ ጠየቅኳት።

«ቢዚ ናት አልኳቸው። ምን ልበል? እንግሊዝኛዬን ታውቂው የለ!»

ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፍኩ። ጋሽ በየነ «ብንነግራት ኖሮ ይሄ ይገኝ ነበር?» እያሉ በየሄዱበት አወሩልኝ፣ ሰውም አጨበጨበላቸው። እናቴ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ አንዳንድ ቀን ይቅር ያልኳት ይመስለኛል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አይመስለኝም። የመጻሕፍቱንም የቃላቱንም ነገር ትቼዋለሁ፤ ብዙውን ከሌላ ሰው መማር ይቻላል። ሚስ ሂልዳ ግን በሩን እያዩ፣ ያቺ ልጅ ለእኔ ጊዜ አጣች ብለው ሞቱ።