ክኒን፣ ገበጣና የፍልሰታ ወተት

መጀመሪያ የከዳኝ ትንፋሼ ነው። በመስቀል ሰሞን በቁሐር ሚካኤል ቆሜ ዜማ ስመራ፣ ስንት ዓመት ሳልደነቃቀፍ የተወጣሁት ረጅም ቃል መካከሉ ላይ ቁርጥ አለብኝ። የቀኙም የግራውም ደብተራ ዞሮ አየኝ። ሳል አነቀኝ ብዬ አሳበብሁ። ለሰበብ ያልሁት ሳል ግን እውነተኛ ነበር፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም።

ያን ጊዜ አርባ ዓመት ሞልቶኛል። መሪጌታ ነኝ፣ ዜማ አስተማሪ። በፎገራ ሜዳ ላይ ድምፅ ያላቸው ሰዎች ሲጠሩ ሁለተኛ ሆኜ ብጠራ ቀኑን ሙሉ ተኮሳትሬ የምውል ሰው ነበርሁ። ይህን የምነግራችሁ ለመመካት አይደለም። ትዕቢቴን አስቀድማችሁ ካላወቃችሁ ኋላ የሠራሁት ጥፋት አይገባችሁም ብዬ ነው።

ሳሉን ጉንፋን ነው አልሁ። ሲቆይ ብርድ ነው አልሁ። ኅዳር ሲገባ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር፤ ሰውነቴ አልቆ ሱሪዬ ወገቤ ላይ አልቆም አለ። ባለቤቴ ይታይሽ ነጠላዬን ልታጥብ ስትል ደም አየችበት። ይዛው መጥታ ፊቴ ዘረጋችው።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ነስር ነው።»

«ነስር በአፍንጫ ነው የሚወጣ። አንተ አፍህን ነው የጠረግህበት። ነገ ወረታ እንሄዳለን። እምቢ ካልህ ወንድሞቼን ጠርቼ በቃሬዛ አስወስድሃለሁ።»

እንደማትመለስ ስለማውቅ በእግሬ ሄድሁ።

ጤና ጣቢያው ሦስት ጠዋት አክታ ተቀበለኝ። በአራተኛው ቀን ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳቱ ማለት ነው፣ ታፈረ ይባላል፣ አስቀመጠኝ። ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚናገር።

«መሪጌታ፣ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ይድናል። የሚድነው ግን መድኃኒቱን ለጨረሰ ሰው ነው። ሁለት ወር በየቀኑ መርፌ፣ ከዚያ አንድ ዓመት ክኒን። አንድም ቀን አይዘለልም። ወተትና እንቁላል ይውሰዱ። ዜማ ደግሞ እኔ እስክነግርዎ ድረስ የለም።»

ነቀርሳ ሲለኝ አልደነገጥሁም። ዜማ የለም ሲለኝ እንባዬ መጣ።

መርፌው ስትሬፕቶማይሲን ይባላል። ያማል። ጆሮ ውስጥ ይጮሃል። ከቤት መመላለሱን ስላልቻልሁ ወረታ፣ ከይታይሽ የአክስት ልጅ ቤት አንዲት ክፍል ያዝሁ። ጠዋት እወጋለሁ፤ ከዚያ ግድግዳ ሳይ እውላለሁ። ሲያስተምርና ሲቆጣ ለኖረ ሰው ሥራ መፍታት ከሳሉ ይብሳል። ሁለት ሳምንት እንዲህ ሆንሁ። ምግብ ጠላሁ። ይታይሽንም አስከፋሁ።

ከዚያ ያወጡኝ አንዲት እናት ናቸው። የደርግ ጊዜ ነው፤ ከየቤቱ ወጣቱ ወደ ግንባር ሄዷል። እሳቸው ለጉልበታቸው መጥተው ከጤና ጣቢያው ደጅ ወረፋ ይዘው ሳለ፣ ከልጃቸው የመጣ ደብዳቤ ከጡታቸው ሥር አውጥተው አንብብልኝ አሉኝ። አነበብሁላቸው። መልሱንም ጻፍልኝ አሉ።

«ላሟ ወለደች በልልኝ። ጥጃዋ ግንባሯ ቦቃ ናት በልልኝ። አጎትህን በቅሎ ጥላው ሰው ሁሉ ሳቀበት በልልኝ።»

«ስለ እርስዎስ ምን ልበል?»

«ስለ እኔ ምን አለ? ልጄን እንዲያሥቅልኝ ነው የምፈልግ።»

ቁም ጽሕፈት በልጅነቴ ተምሬ ነበር፤ ግን ድምፅ የሌለው ሰው ሙያ ነው ብዬ ንቄው ኖሬአለሁ። ያን ቀን የበቅሎዋን ነገር አሳምሬ ስጽፍ ለካስ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው። ማግስቱን ሦስት እናቶች መጡ። በሳምንቱ ከጤና ጣቢያው ፊት ካለው ዋርካ ሥር ድንጋይ ተደላድሎልኝ ደብዳቤ ጸሐፊ ሆንሁ። ክፍያ አልቀበልም ስላልሁ እንቁላል እያመጡ ጭኔ ላይ ያስቀምጡልኛል። ታፈረ ይውሰዱ ያለኝ እንቁላል በዚህ መንገድ ተገኘ።

ከዚያው ዋርካ ሥር ቢምረውን አወቅሁት። ከርብ ወንዝ ማዶ የሚኖር ገበሬ ነው፤ በሽታችን አንድ፣ መርፌያችን አንድ። ማንበብ አይችልም፤ ደብዳቤ ሲነበብ ለመስማት ይቀመጥና ከሰዓት በኋላ መሬቱን በጣቱ ቆፍሮ ጠጠር ሰብስቦ ገበጣ ያጫውተኛል። ጨዋታ አላውቅም ነበር፤ ለደብተራ አይገባም ብዬ። በመጀመሪያው ቀን አምስት ጊዜ አሸነፈኝ። እርስዎ እያለ ሲያሸንፈኝ ቆየና፣ «መሪጌታ፣ በገበጣ ላይ እርስዎ የሚባል ነገር የለም፤ አንተ ልበልህ» አለኝ። በል አልሁት። ጥር ላይ መርፌያችንን ስንጨርስ ሥጋ ይዘናል፣ ሳላችን ቆሟል፤ ክኒናችንን ተቀብለን ተሰነባበትን።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

መርፌ ሌላ ነው፤ በአፍ አይገባም። ክኒን ግን በጠዋት በውሃ የሚዋጥ ነገር ነው። ዕለቱ ረቡዕ ሲሆን ተውሁት። ዓርብ ሲሆን ተውሁት። ሁዳዴ ሲገባ ሁሉንም ተውሁት። በገናው ጾም አቅም አጥቼ የቀመስሁትን ወተትና እንቁላልም፣ በረታሁ ብዬ ተውሁት። ያዘዘኝ የለም። የንስሐ አባቴን አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ ዋጥ እንደሚሉኝ አውቃለሁና። ታምሞም ጾመ መባል አምሮኛል፤ እውነቱ ይኸው ነው። ክኒኑን በቆርቆሮ ዕቃ አድርጌ ከሣጥን ሥር አስቀመጥሁት።

ይባስ ብሎ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ቢምረውን ወረታ ገበያ አገኘሁት። «ክኒኑን በጾም እንዴት ታደርገዋለህ?» አለኝ። «እኔ በጾም አልውጥም» አልሁት፣ አንገቴን ቀና አድርጌ። እሱም ራሱን ነቀነቀ። የተማረ ሰው ነው ብሎ አመነኝ።

ግንቦት ላይ ሳሉ ተመለሰ። ደበቅሁት። ሰኔን ደበቅሁት። በሐምሌ መጀመሪያ ደም መጣ። ብዙ ደም ነበር።

ታፈረ ፊት ተቀመጥሁ። ይታይሽ ከጎኔ ናት።

«መሪጌታ፣ አንድም ቀን አላቋረጡም?»

«አላቋረጥሁም።»

ይታይሽ ከመቀነቷ ቆርቆሮውን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ክኒኑ ተንከባልሎ መሬት ወረደ። ታፈረ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ለቀመው። መሬት ብትከፈትልኝ በገባሁ።

«ተህዋሲው ቆስሎ እንጂ ሞቶ አልነበረም» አለኝ፤ አልተቆጣም። «እንዲህ ሲቋረጥ መድኃኒቱን ይለምደዋል። መርፌውን ከክኒኑ ጋር እንደገና እንጀምራለን። አሁንም ካቋረጡ ግን እኔ ጋ የቀረ መድኃኒት የለም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ይሞታሉ።» ቀጥሎም፣ «ያ የገበጣ ጓደኛዎ ግንቦትም ሰኔም ክኒን ሊወስድ አልመጣም። ያውቃሉ?» አለኝ።

በገበያ የነገርሁት ትዝ አለኝ።

ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ወልደ ትንሣኤ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍሁት። ሰምተው ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ።

«ለታመመ ሰው ጾም እንደሚፈታለት ለስንት ሰው አስተምረሃል። ለራስህ ሲሆን ረሳኸው?»

«አልረሳሁም አባቴ። ከሌላው የምበልጥ መስሎኝ ነው።»

«እንግዲያስ ቀኖናህን ስማ። በጾምም በፍስክም በየጠዋቱ ጸሎትህን አድርሰህ ክኒንህን ትውጣለህ፤ ወተትም ያዘዙህ እንደሆን እንደ መድኃኒት ትጠጣለህ። ስግደት አልሰጥህም፣ አትችልም። ያን ገበሬ ግን ራስህ ሄደህ ታመጣዋለህ። ሰው አትላክ። ባንተ ቃል ነው የታመመው።»

ታፈረ ሦስት ሳምንት ካልተወጉ ከሰው አይቀላቀሉ አለኝና ስቆይ ፍልሰታ ገባ። ሜዳው ውሃ ሆኗል። የጠዋት መርፌዬን ተወግቼ እስከ ውሃው ዳር በበቅሎ፣ ከዚያ በታንኳ ሄድሁ። የቢምረው ቤት ጉብታ ላይ ነው። ከብቱ ወደ ደጋ ተነድቶ አንዲት የምትታለብ ላም ብቻ ቀርታለች። እሱ መደብ ላይ ተኝቷል። ፊቱ አጥንት ብቻ ነው። ባለቤቱ ዘርፌና ሁለት ጎረቤቶች ከበውታል።

«ቢምረው፣ የነገርሁህ ውሸት ነው።»

«የቱ?»

«በጾም አልውጥም ያልሁህ። ሥርዓት አይደለም፤ ከራሴ ያመጣሁት ነው። እኔንም ጣለኝ።»

ብዙ አየኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። «እኔን ለማዳን ብለህ ነው። አንተ ራስህ በፍልሰታ አትውጣትም።»

ቃል እንደማይበቃ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ዘርፌ፣ ወተት አለሽ?»

«ለአራሷ ልጄ ያለብሁት አለ። ለማን ነው፣ መሪጌታ?»

«ለእኔ።»

ፍልሰታን በአገራችን ሕፃን እንኳ ይጾማል። ዘርፌ ጎረቤቶቿን አየች፤ እነሱ መሬት አዩ። ቢሆንም ቀድታ ሰጠችኝ። ጥምጣሜን አስተካከልሁ፣ አማተብሁ። ክኒኑን አፌ ውስጥ አደረግሁ። ወተቱን ጨለጥሁት።

አንደኛው ጎረቤት ተነሥቶ ወጣ። አፈርሁ፤ ግን ዋንጫውን አስቀምጬ ሁለተኛውን ክኒን ለቢምረው ዘረጋሁለት።

«ጉድ ነው» አለ፣ በደከመ ድምፅ። «መሪጌታ በፍልሰታ ወተት ሲጠጣ አየሁ። ይህን ለሰው ሳላወራማ አልሞትም።» እጁን ዘረጋ።

ማግስቱን በታንኳም በበቅሎም አድርጌ ወረታ አመጣሁት።

የሁለተኛው ሕክምናችን ከዓመት በላይ ፈጀ፤ ያን ዓመት ሳስታውሰው ግን ከበሽታው ይልቅ ትዝ የሚለኝ ጠዋት ጠዋት መርፌያችንን ተወግተን ወደ ዋርካችን ስንወጣ ፀሐይዋ ጀርባችን ላይ ስታርፍ የነበረው ነገር ነው። ደብዳቤዎቹ በዝተው ስለነበር ቢምረው እናቶቹን ተራ ያስይዝልኛል፣ የሚያለቅሱትን በወሬ ያጽናናል፣ ስለ ወተቱም ለመጣው ሁሉ እያጋነነ ይናገራል፤ አንድ ዋንጫ የነበረው በመስቀል ጊዜ ቅል ሆኖ፣ በገና ደግሞ ጋን ደርሶ ነበር። ይታይሽ ከሥራዋ ስትመለስ አጠገባችን ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ ገበጣ ስሸነፍ እንዴት እንደምትስቅ አሥራ ስምንት ዓመት በትዳር ስኖር አላየሁም ነበር፤ ለካስ ከጨዋታ ጋር ቤቴ ገብቼ አላውቅም። ደስታ በዓመት አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ ድምፄን ሲያደንቅ የሚመጣ ነገር ይመስለኝ ነበር። እዚያ ዋርካ ሥር በየቀኑ እየመጣ አጠገቤ መቀመጡን ሳውቅ አርባ አንድ ዓመቴ ነው።

በመጨረሻው ምርመራ ታፈረ ወረቀቱን አይቶ፣ «አክታዎ ንጹሕ ነው። የጓደኛዎም» አለን። ዜማም ፈቀደልኝ። ድምፄ ግን የቀድሞው አይደለም፤ ዝቅ ብሏል፣ ረጅሙ ቃል ላይ ትንፋሽ እዋሳለሁ። አላዘንሁም ብል ውሸት ነው፤ አንድ ሰሞን አዝኛለሁ። አሁን የሚመራ ሌላ ነው፣ እኔ እቀበላለሁ፤ ቆሜ መቀበሌም ደስ ይለኛል።

ታፈረን እግዜር ይስጥልኝ፤ ሊቆጣኝ የሚገባውን ያህል አልተቆጣኝም። አባ ወልደ ትንሣኤን፣ ይታይሽን፣ እንቁላል ያቀመሱኝን እናቶች ሁሉ አመሰግናለሁ። አንተ ዛሬ በዚህ በሽታ የተያዝህ፣ አንቺም፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ መድኃኒቱንም ደብቄ አይቻለሁና ከእኔ ተማሩ። ሲሻላችሁ አታቋርጡ። ያረፈ ሰው ሁሉ አይድንምና ጉልበት የማይጠይቅ፣ የምትወዱት ሥራ ያዙ። ለሌላ ሰው የሚተርፍ ከሆነ ደግሞ የበለጠ ነው። ከሰዓት በኋላ ተጫወቱ፤ የሚያሸንፋችሁ ሰው ፈልጉ።

እኔ እስካሁን ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ጥምጣሜን አስሬ ወረታ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። መድኃኒት የሚቀበሉት ሰዎች አጠገብ እቀመጣለሁ። ባለፈው ዓርብ አንዲት ልጅ እግር ሴት ክኒኗን መዳፏ ላይ ይዛ ቆየች፤ አየችኝ፣ ጥምጣሜን አየች።

«መሪጌታ፣ ዓርብ አይደለም እንዴ?»

«ዓርብ ነው፣ ልጄ። ዋጪው።»

ዋጠችው።